ለልጃገረዶች የተረፈው ወቅት
በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የስፖርት ጊዜ ለወንዶችና ለሴቶች እንዴት ተከፋፈለ?



በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳችሁ የፈለግነው በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወንዶችና ሴቶች ልጆች በስፖርት እንዴት እንደሚሳተፉ ነው። በተለይም የስፖርቱ ወቅት በሁለቱ መካከል እንዴት እንደተከፋፈለ እንነግራችኋለን። «የአሜሪካ ጉዳይ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን እንዲህ ነው፦ እዚያ አገር ነገሩ በሕግ ተጽፏል፣ በቁጥር ተቆጥሯል፣ በፍርድ ቤትም ክርክር ተደርጎበታል። ስለዚህ በየቤቱና በየሠፈሩ በዝምታ የሚያልፈው ነገር እዚያ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ደግሞም ክርክሩን የጀመሩት ባለሥልጣናት ወይም ታዋቂ ሰዎች አይደሉም። እንደ እናንተ ያሉ የልጃገረዶች ወላጆች ናቸው።

የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቫርሲቲ ምንድን ነው? ወቅቶቹስ?

በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስፖርት የትምህርት ቤቱ አንድ አካል ነው። ተማሪው ትምህርት ሲያበቃ ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት እዚያው ይለማመዳል። አሰልጣኙ ብዙ ጊዜ ከመምህራኑ አንዱ ነው። «ቫርሲቲ» የሚባለው ትምህርት ቤቱን ወክሎ ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር የሚገጥመው ዋናው ቡድን ነው። ከእሱ ሥር ለታናናሾችና ገና በመለማመድ ላይ ላሉት «ጁኒየር ቫርሲቲ» የሚባል ሁለተኛ ቡድን አለ። ቫርሲቲ የደረሰ ልጅ የትምህርት ቤቱን ፊደል ጃኬቱ ላይ አሰፍቶ ይለብሳል፤ ይህም እንደ ማዕረግ ይታያል። ወላጆችን ደስ የሚያሰኝ ደንብም አለ፦ በአጠቃላይ በትምህርቱ የወደቀ ተማሪ ውጤቱን እስኪያሻሽል ድረስ ከጨዋታ ይታገዳል።

የትምህርት ዓመቱ በሦስት የስፖርት ወቅቶች ይከፈላል። የመጀመሪያው መኸር ነው፤ ከኦገስት እስከ ኖቬምበር ይደርሳል። በዚህ ወቅት የአሜሪካ እግር ኳስ፣ አገር አቋራጭ ሩጫና በአብዛኛው አገር የሴቶች መረብ ኳስ ይካሄዳል። ሁለተኛው ክረምት ነው። በኢትዮጵያ ክረምት ሲባል ዝናቡና የትምህርት ቤት ዕረፍቱ ነው የሚታሰበው፤ እዚያ ግን ከኖቬምበር እስከ ማርች ያለው የብርድ ወራት ነው። ስለዚህ ጨዋታው ጣሪያ ሥር ይሆናል፦ ቅርጫት ኳስ፣ ትግል፣ ዋና። ሦስተኛው ከማርች እስከ ጁን መጀመሪያ ያለው በልግ ነው፤ ቤዝቦል፣ ሶፍትቦልና አትሌቲክስ የሚደረጉት ያኔ ነው።

ይህ አከፋፈል ለልጁ ጥቅም አለው። አንዲት ልጅ ከፈለገች በመኸር አገር አቋራጭ ልትሮጥ፣ በክረምት ቅርጫት ኳስ ልትጫወት፣ በበልግ ደግሞ በአትሌቲክስ ልትወዳደር ትችላለች። ነገር ግን አዳራሹ አንድ፣ አሰልጣኙ ጥቂት፣ ቡድኑ ብዙ ሲሆን «ማን መቼ ይጫወት?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። የጽሑፋችን ጉዳይ ይህ ነው።

የ1972ቱ ሕግ

ከሃምሳ ዓመታት በፊት በአብዛኞቹ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ስፖርት የወንዶች ነበር። ሴቶቹ ከዳር ቆመው ይደግፉ ነበር። በ1971 እና በ1972 የትምህርት ዓመት በመላ አገሪቱ በሁለተኛ ደረጃ ስፖርት ከ3.6 ሚሊዮን በላይ ወንዶች ሲመዘገቡ ሴቶቹ 294,015 ብቻ ነበሩ። ይህ ማለት ለአንዲት ሴት ከ12 ወንዶች በላይ ማለት ነው።

ጁን 23 ቀን 1972 ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን «ታይትል ናይን» የተባለውን ሕግ ፈረሙ። ሕጉ እንዲወጣ ከደከሙት መካከል አንዷ የሃዋይ ተወካይ የነበሩት ፓትሲ ሚንክ ናቸው። የጃፓን ስደተኞች የልጅ ልጅ ነበሩ። በወጣትነታቸው ሐኪም ለመሆን ፈልገው ያመለከቱባቸው የሕክምና ትምህርት ቤቶች ስላልተቀበሏቸው ሕግ ተማሩ፤ በኋላም ሕግ አውጪ ሆኑ። በ2002 ሲያርፉ ሕጉ በስማቸው ተሰየመ።

የሕጉ ፍሬ ነገር አጭር ነው። የመንግሥት ገንዘብ በሚያገኝ የትምህርት ፕሮግራም ማንም ሰው በፆታው ምክንያት እንዳይገለል ይከለክላል። በራሱ በሕጉ አንቀጽ ውስጥ «ስፖርት» የሚል ቃል እንኳ አልነበረም። በ1975 የወጣው የአፈጻጸም ደንብ ግን ስፖርትን በግልጽ አስገባ፤ የሴቶችና የወንዶች ዕድል እኩል መሆኑ በምን እንደሚመዘንም ዘረዘረ። ከተዘረዘሩት ውስጥ የመጫወቻ ዕቃ፣ የአሰልጣኝ ምደባ፣ የጉዞ ወጪና የልብስ መቀየሪያ ክፍል ይገኛሉ። በዚያው ዝርዝር ውስጥ የጨዋታና የልምምድ ጊዜ አመዳደብም አለ። ስለዚህ ከ1975 ጀምሮ ጊዜ እንደ ኳስና እንደ ሜዳ ሁሉ የሚመዘን ነገር ሆኗል።

ቁጥሩ የሚናገረውና የማይናገረው

ሕጉ ከወጣ በኋላ የሴቶቹ ቁጥር በፍጥነት አደገ። በ2023 እና በ2024 የትምህርት ዓመት ከ3.4 ሚሊዮን በላይ የሴቶች፣ ከ4.6 ሚሊዮን በላይ ደግሞ የወንዶች ተሳትፎ ተመዝግቧል። ከ294,015 ተነሥቶ እዚህ መድረስ ትልቅ ነገር ነው።

ሆኖም ቁጥሩን ስናነብ ሁለት ነገሮች ማወቅ አለብን። አንደኛ፣ የሚቆጠረው ሰው ሳይሆን ተሳትፎ ነው። በሦስቱም ወቅቶች የምትጫወት ልጅ ሦስት ጊዜ ትቆጠራለች። ሁለተኛ፣ በወንዶችና በሴቶች መካከል የቀረው ልዩነት 1.2 ሚሊዮን ያህል ሲሆን፣ የአሜሪካ እግር ኳስ ብቻውን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ወንዶችን ይይዛል። በመኸር ወቅት ያን ያህል ብዙ ልጅ የሚያሰልፍ የሴቶች ስፖርት የለም። ስለዚህ የልዩነቱ ትልቅ ክፍል ያለው በአንድ ስፖርትና በአንድ ወቅት ነው።

ቁጥር የማይናገረው ነገርም አለ። «ስንት ሴቶች ተጫወቱ?» ለሚለው ይመልሳል፤ «መቼ ተጫወቱ? ማን አያቸው? ከዚያስ ወዴት ደረሱ?» ለሚለው ግን አይመልስም። ይህን ያሳየው የሚሺጋን ክርክር ነው።

የሚሺጋን ወላጆች ክርክር

ሚሺጋን በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች አጠገብ ያለች ብርዳማ ክፍለ አገር ናት። በ1970ዎቹ የሴቶች ቡድኖች በትምህርት ቤት ስፖርት ውስጥ መደበኛ ቦታ ሲያገኙ፣ በክረምት አዳራሹ አስቀድሞ በወንዶች ቅርጫት ኳስ ተይዞ ነበር። ስለዚህ የሴቶቹ ቅርጫት ኳስ ወደ መኸር ሄደ። በአብዛኛው አገር በመኸር የሚደረገው የሴቶች መረብ ኳስ ደግሞ ወደ ክረምት ተሸጋገረ። ወንዶቹ በቦታቸው ቀሩ፣ ሴቶቹ በተረፈው ጊዜ ገቡ።

ላይ ላዩን ሲታይ ችግር ያለበት አይመስልም። ልጅቷ ትጫወታለች፣ አዳራሽ አላት፣ አሰልጣኝ አላት። ጉዳቱ የሚገለጠው ቀርቦ ሲታይ ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ጊዜ ክረምት ነው። በማርች ወር የዩኒቨርሲቲዎቹ ውድድር ሲደርስ አገሩ ሁሉ ስለ ቅርጫት ኳስ ያወራል። የሚሺጋን ልጃገረዶች ግን በዚያን ጊዜ ጨዋታቸውን ከጨረሱ ወራት አልፏቸዋል። እነሱ በሚጫወቱበት በመኸር የሕዝቡ ዓይን በአሜሪካ እግር ኳስ ላይ ነው፤ ዓርብ ማታ ከተማው ወደዚያ ሜዳ ይጎርፋል።

በሁለተኛ ደረጃ፣ የዩኒቨርሲቲ ነጻ የትምህርት ዕድል ጉዳይ አለ። በአሜሪካ ጎበዝ ስፖርተኛ የሆነ ተማሪ የዩኒቨርሲቲ ክፍያው ሊሸፈንለት ይችላል። ለብዙ ቤተሰብ ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው። ተጫዋች የሚመርጡት የዩኒቨርሲቲ አሰልጣኞች የሚዘዋወሩት አብዛኛው አገር በሚጫወትበት ጊዜ ነው። በሌላ ወቅት የምትጫወት ልጅ ከዓይናቸው የመራቅ አደጋ አለባት።

በሦስተኛ ደረጃ፣ የሚሺጋን ሴቶች ከጎረቤት ክፍለ አገሮች ቡድኖች ጋር ለመግጠም ይቸገሩ ነበር፤ የአንዱ ወቅት ሲጀመር የሌላው አልቋልና። በክረምት መረብ ኳስ የሚጫወቱትም ከትምህርት ቤት ውጭ ያሉት ክለቦች የሚወዳደሩበት ጊዜ ይደራረብባቸው ነበር።

ይህን ያዩ የልጃገረዶች ወላጆች «ማኅበረሰቦች ለእኩልነት» የሚል ትርጉም ያለው ስም ያለው ቡድን አቋቋሙ። በ1998 የክፍለ አገሩን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የስፖርት ማኅበር ከሰሱ። ክርክሩ ከቅርጫት ኳስና ከመረብ ኳስ ሌላ እግር ኳስን፣ ጎልፍን፣ ዋናንና ቴኒስንም ያካተተ ነበር።

የሌላው ወገን መልስ

ፍርድ የሚሰጥ ሰው ሁለቱንም ወገን መስማት አለበት፤ ሽማግሌዎቻችንም የሚያስተምሩን ይህንኑ ነው። የስፖርት ማኅበሩ መልስ ባዶ አልነበረም። አዳራሹ፣ አሰልጣኙና ዳኛው ውስን ናቸው፤ ወንዶችና ሴቶች በተለያየ ወቅት ቢጫወቱ ብዙ ልጆች ይሳተፋሉ አለ። በሚሺጋን የሚጫወቱ ልጃገረዶች ቁጥር ከብዙ ክፍለ አገሮች የሚበልጥ መሆኑንም አስረዳ። ከልጃገረዶቹና ከአሰልጣኞቻቸው መካከልም «የራሳችን ወቅት ይሻለናል፤ ከወንዶቹ ጋር በአንድ ጊዜ ብንጫወት ማን ያየናል?» ያሉ ነበሩ።

ዳኛው ሪቻርድ ኤንስለን በዲሴምበር 2001 ለወላጆቹ ፈረዱ። ወቅቶቹን መለያየት በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ መለያየቱ በመጣ ቁጥር የማይመቸው ወቅት ለሴቶች መሰጠቱ ነው። አዳራሹ በእውነት የሚጠብ ከሆነ ችግሩን ሁለቱም ይካፈሉት፤ ሁልጊዜ በአንደኛው ትከሻ ላይ ለምን ይወድቃል? የፍርዱን መንፈስ እኛ የተረዳነው እንዲህ ነው።

ማኅበሩ ይግባኝ አለ። ጉዳዩ በይግባኝ ፍርድ ቤት በ2004 እና እንደገና በ2006 ታይቶ ፍርዱ ጸና። በአፕሪል 2007 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን እንደማያይ አሳወቀ። በ2007 እና በ2008 የትምህርት ዓመት የሚሺጋን ልጃገረዶች ቅርጫት ኳስን በክረምት፣ መረብ ኳስን በመኸር መጫወት ጀመሩ። ክሱ ከተመሠረተ ዘጠኝ ዓመት አልፎት ነበር። በ1998 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የነበረች ልጅ በዚያን ጊዜ ትምህርቷን ጨርሳ ሄዳለች። ወላጆቹ የደከሙት በመጨረሻ ለሌላ ሰው ልጆች ሆነ።

ሰንበትና የጨዋታ ሰዓት

ይህ ጉዳይ ለእኛ ማኅበረሰብ እንግዳ እንዳልሆነ የሚያሳይ ሌላ ታሪክ እንጨምር። ታሪኩ የወንዶች ቡድን ነው፤ ነገር ግን ሰዓት እንዴት በር እንደሚዘጋ ያስረዳል። በቴክሳስ ክፍለ አገር በሂውስተን ከተማ ቤረን አካዳሚ የተባለ የአይሁድ ትምህርት ቤት አለ። በ2012 የቅርጫት ኳስ ቡድኑ በክፍለ አገሩ ለግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። ጨዋታው ግን ዓርብ ማታ፣ ሰንበት ከገባች በኋላ ተመደበ። አዘጋጆቹ ሰዓቱን አንቀይርም አሉ። ተጫዋቾቹና ወላጆቻቸው ወደ ፍርድ ቤት ሲሄዱ ጨዋታው ወደ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተዛወረ። ልጆቹ ግማሽ ፍጻሜውን አሸነፉ። ፍጻሜውን ሰንበት ከወጣች በኋላ ተጫውተው በጥቂት ነጥብ ተሸነፉ።

እነዚያን ልጆች «አይሁድ ናችሁና አትጫወቱም» ያላቸው የለም። በሩ ክፍት ነበር፤ ሰዓቱ ግን ሰንበትን የሚጠብቅ ሊገባበት የማይችል ሰዓት ነበር። ይህን እናንተ ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። በአገራችን በእስራኤልም ብዙ ጨዋታ በሰንበት ቀን ስለሚደረግ ጎበዝ ልጅ ኖሯቸው ያልላኩ ቤተሰቦች አሉ። የልጃገረዶቹም ነገር እንዲሁ ነው፤ «ሴት ናችሁና አትጫወቱም» አልተባሉም፣ ግን የተሰጣቸው ጊዜ ከሌላው የተረፈ ነበር።

እኛ ዘንድስ?

በእስራኤል አሠራሩ ይለያል። በትምህርት ቤት የስፖርት ትምህርትና የትምህርት ቤቶች ውድድር ቢኖርም፣ ጠንካራው የወጣቶች ውድድር ያለው እንደ ማካቢ፣ ሃፖኤልና ኤሊጹር ባሉ ማኅበራት ነው። ታናናሾቻችን ደግሞ በማትናስ በሁግ ይጀምራሉ። ስለዚህ እንደ አሜሪካ ሦስት ወቅት የለንም። የእኛ ወቅት የቀኑ ሰዓት ነው፦ አራት ሰዓት ተኩል ከቀትር በኋላ ነው ወይስ ስምንት ሰዓት ማታ?

ልጃገረዶች ወደ 14 እና 15 ዓመት ሲደርሱ ከወንዶች ይበልጥ ስፖርት እንደሚተዉ በብዙ አገር የታወቀ ነው። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ትምህርቱ ይከብዳል፣ ባግሩት ይቀርባል። ወላጅ ልጁ በጨለማ ብቻዋን እንዳትመለስ ይሰጋል፤ ስጋቱም ከፍቅር ነው። ስለ ጨዋነትና ስለ አለባበስም የሚያስቡ አሉ። እነዚህን ሁሉ እናከብራለን። ግን ብዙዎቹ የሰዓት ጥያቄ መሆናቸውን አስተውሉልን። የልጃገረዶች ልምምድ በቀን ብርሃን ቢሆን የመንገዱ ስጋት ይቀልል ነበር።

ሴት ልጅ ጉልበቷን ማሳየቷ ለማኅበረሰባችን አዲስ ነገር አይደለም። እናቶቻችንና አያቶቻችን ውኃ ከሩቅ ቀድተዋል፣ ሸክላ ሠርተው ቤተሰብ አኑረዋል፣ ልጅ አዝለው በሱዳን በኩል በእግራቸው ተጉዘዋል። ከዘመቻ ሰሎሞን በኋላ በነበረው ዓመት፣ በ1992 በባርሴሎና ኦሎምፒክ፣ ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር ለኢትዮጵያ ወርቅ አገኘች። በዚያው ኦሎምፒክ ያኤል አራድ በጁዶ የብር ሜዳልያ አገኘች፤ እስራኤል ከተመሠረተች ጀምሮ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ሜዳልያ ነበር። የተወለድንባትም ሆነ የመጣንባት አገር በዚያ ዓመት በሴት ልጅ ደስ ብሏታል። በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ ደግሞ በኢትዮጵያ የተወለደችው ሰላማዊት ተፈሪ ለእስራኤል ሮጣለች።

ከወላጆቻችን የምንለምነው

ፍርድ ቤት ሂዱልን አንልም። የሚሺጋን ወላጆች ሥራ የተጀመረው በጥያቄ ነው፤ እናንተም ለአሰልጣኙ፣ ለማትናሱ ወይም ለትምህርት ቤቱ እነዚህን አራት ጥያቄዎች ብትጠይቁልን ይበቃናል።

1. የሴቶች ልምምድ በስንት ሰዓት ነው? የወንዶቹስ? የማይመቸው ሰዓት በየዓመቱ ለአንዱ ወገን ብቻ ነው የሚደርሰው?

2. አዳራሹ ለሌላ ዝግጅት ሲፈለግ ልምምዱ የሚሰረዘው የማን ነው?

3. የውድድሩ ቀን ከሰንበትና ከበዓላችን ጋር ይጋጫል ወይ? ሲግድ በ2008 በክኔሴት በወጣ ሕግ የአገር በዓል ሆኗልና በስፖርት ቀን መቁጠሪያም መታየት አለበት።

4. ጨዋታው ሲመሽ ልጆቹን ወደ ቤት የሚመልሳቸው ማን ነው? አንድ ወላጅ ብቻውን ባይችል አምስት ወላጆች ተራ ይገቡበታል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።

አምስተኛው ጥያቄ የሚጠየቀው በቤት ውስጥ ነው፤ ይህን የምንለው በትሕትና ነው። በአንዳንድ ቤት ወንድም ከልምምድ ሲመለስ እራቱ ይጠብቀዋል፤ እህት ስትመለስ የሚጠብቃት ያልታጠበው ዕቃና ታናናሾቿ ናቸው። ሥራ መሥራት አያስቀይመንም፤ በቤታችን መርዳት ያደግንበት ክብራችን ነው። የሚሺጋን ዳኛ ያዩት ነገር ግን እዚህም ይሠራል። ሥራው ካለ ወንዱም ሴቷም ይካፈሉት፤ እሱ ማክሰኞ ዕቃ ቢያጥብ እሷ ማክሰኞ ልምምድ ትደርሳለች። ይህን የጻፍነው የክፍላችን ሴቶችና ወንዶች አንድ ላይ ሆነን ነው፤ ወንዶቹም ተስማምተውበታል።

«ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል» ብላችሁ ያስተማራችሁን እናንተ ናችሁ። ልጃገረዶቻችሁ ቅል አይደሉም፣ ብርቱዎች ናቸው። እኛ የምንለምናችሁ ጊዜውን እንድትሰጧቸው ነው፤ ወንድሞቻቸው ከተጠቀሙበት በኋላ የተረፈውን ሳይሆን የድርሻቸውን።